ግልገሏ ድመትና የጎታው እህል

በገጠር ቤት ድመት የምትያዘው ለጨዋታ አይደለም። እህል እንድትጠብቅ ነው። ገበሬው በኅዳርና በታኅሣሥ አጭዶ፣ ከምሮ፣ ወቅቶ ያገኘውን እህል ጎታ ውስጥ ያስገባል። ጎታውን በጭቃ ይመርጋል፣ ክዳኑን ይከድናል፣ ደክሞት ይተኛል። አይጥ ግን ሌሊት አይተኛም።

እስቲ አንድ ሂሳብ እንሥራ። አንድ ትልቅ አይጥ በቀን 25 ግራም ያህል እህል ይበላል። 25 ግራም አንድ ጭብጥ እንኳ አይሞላም፤ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን 25ን በ365 ቀን ብናበዛው 9,125 ግራም ይሆናል። ይህም ከ9 ኪሎ በላይ ነው። በአንድ ቤት 10 አይጦች ቢኖሩ በዓመት ከ91 ኪሎ በላይ ይበላሉ ማለት ነው። አንድ ኩንታል ለመሙላት 9 ኪሎ እንኳ አይጎድለውም። ይህ እንግዲህ የሚበሉት ብቻ ነው። ጆንያ ቀደው የሚያፈሱት፣ ሽንታቸውንና ዓይነ ምድራቸውን ጥለው የሚያበላሹት ሲጨመር ጉዳቱ ከዚህ ይበልጣል።

ይህን ጉዳት ሁላችንም እናውቀዋለን። ስለዚህ ከጎረቤት አንዲት ግልገል ድመት ለምነን እናመጣለን። ታዲያ ካመጣናት በኋላ ምን እናበላታለን? የብዙዎቻችን መልስ አንድ ነው። «ምን ምግብ ያስፈልጋታል፣ አይጥ አለላት አይደል! ደግሞም ድመት ከጠገበች አይጥ አትይዝም» እንላለን። ይህ አነጋገር ስሕተት መሆኑን እኛ መጀመሪያ የተማርነው ከመጽሐፍ አይደለም። አንዲት ግልገል በእጃችን ሞታብን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ዓመት ጎታችንን አይጥ በሳው። ከግርጌው ሁለት ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ተገኘ፤ ጤፉም እንደ ውሃ ይፈስስ ነበር። ከጎረቤት አንዲት ቡራቡሬ ግልገል አመጣን። ገና የወር ተኩል ነበረች። ልጆቹ «ውሪት» ብለው ጠሯት። ጊዜው ዐቢይ ጾም የገባበት ሳምንት ነው። በቤት ውስጥ ሥጋ የለም፤ ቅቤ የለም፤ ዕንቁላሉም ለፋሲካ ይጠራቀማል። ስለዚህ እኛ የምንበላውን ሰጠናት። እንጀራ በሽሮ ወጥ ፈትፍተን በገል አቀረብንላት። መጀመሪያ አሽትታ ተወችው። በኋላ ረሀቡ ሲጠናባት በላች። እኛም «ለመደች» ብለን ደስ አለን።

በሁለተኛው ሳምንት ጠጉሯ ሸካራ ሆነ። ሆዷ ተነፋ፤ የጀርባዋ አጥንት ግን ይቆጠር ጀመር። ቀጥሎም ያስቀምጣት ጀመር። ያዘንን መስሎን የላም ወተት በጣሳ ሞልተን ሰጠናት፤ ተቅማጡ ባሰባት። በአራተኛው ሳምንት ምድጃ ዳር ተኝታ መነሣት አቃታት። ሆሳዕና ሳይደርስ ሞተች። የሞተች ዕለት ሌሊት አይጦቹ ጎታው ሥር ሲንኮሻኮሹ እንሰማ ነበር።

ኋላ በጎቻችንን ሊከትብ ለመጣ አንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይህንኑ አወጋነው። ሰምቶ ሲያበቃ፣ «ከሞላ ገል ፊት አስቀምጣችሁ ነው ያስራባችኋት» አለን። «ለላም ሥጋ ብትሰጧት ትኖራለች? ለድመት ሽሮ መስጠትም ያው ነው» አለ።

ድመት የምን በላተኛ ናት?

የድመትን አፍ ከፈት አድርጋችሁ እዩ። ላም፣ በግና ፍየል ሣር የሚፈጩበት ጠፍጣፋ መንጋጋ አላቸው። ድመት እንደዚያ ያለ የላትም። ጥርሶቿ ሹልና ስለታም ናቸው። መንጋጋዋ እንደ መቀስ ይቆርጣል እንጂ እንደ ወፍጮ አይፈጭም። አንጀቷም አጭር ነው። እንዲህ ያለ አፍና አንጀት የተሠራው ለሥጋ ነው።

እዚህ ላይ ድመትንና ውሻን ማነጻጸር ያሳስታል። ውሻ ከሰው ጋር እንጀራውንም፣ ቅንጬውንም፣ የተረፈውን ሁሉ በልቶ ይኖራል። ድመት ግን እንደ ውሻ አትሆንም። ከሥጋ፣ ከአሣና ከመሳሰሉት የምታገኘው «ታውሪን» የሚባል ንጥረ ነገር አለ። የድመት ሰውነት ይህን በበቂ መጠን ሊሠራው አይችልም። በ1975 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣ ጥናት ታውሪን ያጣች ድመት ዐይኗ እየጠፋ እንደሚሄድ አሳይቷል። በ1987 እ.ኤ.አ. ደግሞ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርስቲ ያሉ የእንስሳት ሐኪሞች ታውሪን ያጣች ድመት ልቧ እየሰፋና እየደከመ እንደሚሄድ፣ ታውሪን ሲሰጣትም እንደሚያገግም አረጋገጡ። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ጤፍ ለሰው ጥሩ ምግብ ናቸው። ታውሪን ግን አይገኝባቸውም።

የቪታሚን ኤም ነገር እንደዚሁ ነው። ሰው ካሮትና ጎመን ሲበላ ሰውነቱ ከዚያ ቪታሚን ኤ ይሠራል። ድመት አትችልም። ተዘጋጅቶ ከጉበት፣ ከዕንቁላል አስኳል፣ ከቅቤ ማግኘት አለባት። ለዐይኗ ብላችሁ ጎመን ብትሰጧት ድካም ብቻ ነው።

ትልቅ ድመት በሜዳ ታድና፣ ወፍም አንበጣም ይዛ፣ የጎደላትን ትሞላለች። ግልገል ግን አታድንም። የምታገኘው እኛ የሰጠናትን ብቻ ነው። እንግዲህ ችግሩ የሚጠናው በማደጊያዋ ጊዜ ነው። ግልገል ስትወለድ 100 ግራም ያህል ትመዝናለች፤ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ማለት ነው። ከዚያ በየሳምንቱ ወደ 100 ግራም ትጨምራለች። በሁለት ወሯ አንድ ኪሎ ልትሞላ ጥቂት ይቀራታል። በሁለት ወር ውስጥ ሰውነቷን ስምንት ወይም ዘጠኝ እጥፍ የምታሳድግ እንስሳ ምን ያህል ምግብ እንደሚያስፈልጋት አስቡት።

ከእናቷ መቼ ትለይ?

ድመት ዘጠኝ ሳምንት ያህል አርግዛ ትወልዳለች። ግልገሎቹ ዐይናቸውን የሚገልጡት ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ጥርስ ማብቀል ይጀምራሉ። እስከ አራተኛው ሳምንት ድረስ ምግባቸው የእናታቸው ጡት ብቻ ነው። ስለዚህ በዚህ ጊዜ የምንመግበው ግልገሎቹን ሳይሆን እናቲቱን ነው። የምታጠባ ድመት ከሌላው ጊዜ ሁለት እጥፍና ከዚያም በላይ ትበላለች።

ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ በጣም የላመ ምግብ ማስቀመስ ይቻላል። ጡት መጣል የሚገባቸው ግን ሁለት ወር ሲሞላቸው ነው። የእኛዋ ውሪት በወር ተኩሏ መምጣቷ አንዱ ጥፋታችን ነበር። ቶሎ የምትለይ ግልገል ወተቱ ብቻ አይደለም የሚቀርባት። እናት ድመት ግማሽ ሞት የሞተች አይጥ እያመጣች ለልጆቿ ትጥላለች፤ ይዘው እንዲለማመዱ ነው። ይህን ትምህርት ከእናቷ ሌላ ማን ያስተምራታል? እኛማ አይጥ መያዝ የት እናውቅና።

አንዳንድ ጊዜ ግን እናቲቱ ትሞታለች። የዚያን ጊዜ የላም ወተት ብቻውን አይበቃም። የድመት ወተት ከላም ወተት ይልቅ ወፍራም ነው። ለጊዜው ለማትረፍ፣ ትኩስ የላም ወተት ፈልቶ ለብ ሲል አንድ የዕንቁላል አስኳል ለአንድ ብርጭቆ መትቶ መቀላቀል ይረዳል። በንጹሕ ጨርቅ ጫፍ ወይም በመድኃኒት ማንጠባጠቢያ፣ በየሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር ትንሽ ትንሽ ይሰጣታል። ስትመገብ በሆዷ ተኝታ ራሷ ቀና ይበል እንጂ እንደ ሕፃን በጀርባዋ አትንጋለል። ወተቱ ወደ ሳንባዋ ይገባና ይገድላታል። ከበላችም በኋላ በለብ ያለ እርጥብ ጨርቅ ከሆዷ በታች ማሸት ያስፈልጋል። ትንሽ ግልገል እናቷ ካልላሰቻት ራሷ መሽናት አትችልምና። ይህ ሁሉ ድካም አለው። ሌላ የምታጠባ ድመት በሰፈር ካለች ከእርሷ ልጆች ጋር መቀላቀል ከሁሉ ይሻላል፤ ብዙዎቹ እናቶች አይመልሱም።

በቤት ያለውን እንዴት እንስጣት?

በሁለተኛው ዓመት ሌላ ግልገል አመጣን። ይችኛዋ ሁለት ወር ሞልቷት ነበር። ጊዜው እንደገና ወደ ጾሙ ተጠግቷል። ነገር ግን በዚህ ጊዜ አስቀድመን አሰብን።

በቅበላ ሰሞን ከቅርጫው ከደረሰን ውስጥ ልቡንና ጥቂት ሳንባ ለየን። ጨውም በርበሬም ሳይነካው በቀጭኑ ተዘልዝሎ ከምድጃ በላይ ተሰቀለ። እንደ ቋንጣ ደረቀ። ልብ ታውሪን በብዛት ያለበት ሥጋ ነው። በየቀኑ ጥቂት ቆርጠን፣ በትንሽ ውሃ ቀቅለን፣ በሙቀጫ ወቅጠን ሰጠናት። መረቁን አልደፋነውም። ሥጋ ሲቀቀል ታውሪኑ ወደ ውሃው ስለሚወጣ፣ መረቁን የሚደፋ ሰው መድኃኒቱን ደፋ ማለት ነው። ያልቦካ ቂጣ ወይም ምንም ያልነካው እንጀራ በዚያ መረቅ ማራስ ይቻላል። ግን ልክ አለው። ከአራት እጅ ሦስቱ ሥጋ ነክ ምግብ፣ አንዱ እንጀራ ቢሆን ነው።

የሁለት ወር ግልገል በቀን 100 ግራም ያህል ሥጋ ነክ ምግብ ብታገኝ ጥሩ ነው። የሁለት ዕንቁላል ክብደት ማለት ነው። ይህን ባንድ ጊዜ አትሰጧት። ጨጓራዋ ትንሽ ነው። እስከ አራት ወሯ በቀን አራት ጊዜ፣ ከዚያ እስከ ስድስት ወሯ ሦስት ጊዜ፣ ካደገች በኋላ ጧትና ማታ ይበቃታል። በስድስት ወሯ የወተት ጥርሶቿ ረግፈው 30ዎቹ ቋሚ ጥርሶች ይወጣሉ። ያን ጊዜ መውቀጡ ይቀራል።

ሥጋ ብቻውንም ጉድለት አለበት። ሥጋ አጥንት የሚያጠነክር ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል። ሥጋ ብቻ እየበላች የምታድግ ግልገል እግሯ ይጎብጣል፤ ከመደብ ስትዘል እንኳ አጥንቷ ሊሰበር ይችላል። በዱር ያለች ድመት አይጧን ከነአጥንቷ ስለምትበላ ይህ አይደርስባትም። በቤት ውስጥ ግን መላው በእጃችን ነው። የዕንቁላል ቅርፊት ታጥቦ፣ ተቀቅሎ፣ ደርቆ እንደ ዱቄት ይወቀጣል። ከዚያ ለአንድ ኪሎ ሥጋ አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ለአንድ ቀን ምግቧ በሁለት ጣት ቆንጠር ማድረግ ነው። እናቶች ቅርፊቱን ከመጣል ይልቅ በአንድ ጣባ ቢያጠራቅሙት ምን ይጎዳቸዋል?

ዕንቁላል ራሱ ጥሩ ምግብ ነው። ግን ይቀቀል። ጥሬው ነጩ ክፍል አንድ ቪታሚን ከሰውነቷ ውስጥ ይይዝባታል። ዕንቁላሉ ተሸጦ ለጨውና ለሳሙና የሚሆን መሆኑን እኛም አንዘነጋም። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ዕንቁላል ለአራት ወር ማውጣት ለደኻ ቤት ቀላል አይደለም። እኛ ከጎታው ከፈሰሰው ጤፍ ጋር አስተያይተን ነው የወሰንነው።

ዶሮ ሲታረድ እግሩ፣ ጭንቅላቱ፣ አንጀቱ ይጣላል። አንጀቱ ተሰንጥቆ በደንብ ታጥቦ ይቀቀልና የግልገሏ ድርሻ ይሁን። ፈረሰኛውን ለአባወራው ተዉለት፤ ቤት ውስጥ ጠብ አንፈልግም። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ግን ፈጽሞ አይሰጣት። እንደ ስንጥር ተሰንጥቆ ጉሮሮዋንና አንጀቷን ይወጋል። ጉበትም ጥሩ ነው፤ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ቁራሽ ይበቃታል። በየቀኑ ከሆነ ቪታሚን ኤው ይበዛና አጥንቷን ያበላሻል። ጣናና ዝዋይ አጠገብ ላሉ አንባቢዎቻችን አሣ አለላቸው። አሣውም ተቀቅሎ፣ አጥንቱ ተለቅሞ እንጂ ጥሬውን አይሁን።

አይብም ይረዳል። በጾም ወተቱ ሁሉ ለቅቤ ስለሚጠራቀም፣ የሚወጣው አይብ ጥቂቱ ለግልገሏ ቢሰጥ ማንንም አይጎዳም። ትኩስ ወተትን በተመለከተ ግን የሰማነውን ሁሉ አንመን። ድመት ወተት ትወዳለች፤ እውነት ነው። ጡት ከጣለች በኋላ ግን በወተት ውስጥ ያለውን ስኳር የሚፈጨው ኀይሏ ይቀንሳል። ብዙዎቹን ያስቀምጣቸዋል። ካላስቀመጣት ጥቂት ትጠጣ። ካስቀመጣት ተዉ፤ በንጹሕ ጣባ ውሃ ሁልጊዜ ይኑራት።

ከመጽሐፍም ሆነ ከባለሙያ ከሰማነው ሁሉ እኛን ያስገረመን ሌላ ነው። ከሁሉ የተሟላው የድመት ምግብ አይጧ ራሷ ናት። ሥጋው፣ ጉበቱ፣ ልቡ፣ አጥንቱ ሁሉም በአንድ ላይ አለ። ስለዚህ በወጥመድ የተያዘ፣ በእርሻ ጊዜ ከማረሻው ሥር የወጣ ትንሽ አይጥ አይጣል፤ ለግልገሏ ይሰጥ። ጥርሷንም ዓመሏንም ታለማምድበታለች። ይሁን እንጂ አንዲት ትልቅ ድመት በትንንሽ አይጥ ብቻ ልኑር ብትል በቀን ስምንት ያህል ያስፈልጋታል። ይህን ያህል በየቀኑ የሚያስገኝ ቤት የለም፤ ካለም ባለቤቱን እግዜር ይርዳው።

ጾሙስ?

«ድመት ብትመነኩስ ዓመሏን አትረሳም» ይባላል። እኛ ይህን የምንናገረው ስለ ሰው ነው። ስለ ድመት ከሆነ ግን ነቀፋ አይደለም። ጾም ለሰው የተሰጠ ሥርዓት ነው፤ እንስሳ አይጾምም። በሬያችን በሑዳዴ ጭድ እንዲቀርበት አናደርግም። ለድመትም ሥጋዋ ጭዷ ነው።

አንዳንድ እናቶች የሚቸገሩት በዕቃው ነው። በጾም ጊዜ የፍስክ ነገር የነካው ድስት ከጾሙ ድስት ጋር እንዲነካካ አይፈልጉም። ተገቢ ነው። መላው ቀላል ነው። አንዲት ትንሽ ሸክላና አንድ ገል ለድመቷ ለብቻዋ ተለይተው ከደጅ ይቀመጡ። 55 ቀን ረጅም ነው። ለሁለት ወር ግልገል ደግሞ የዕድሜዋን ሙሉ ያህል ነው። ሙስሊም ጎረቤት ያለን ሰዎች ደግሞ በዚያ ወቅት እነርሱ ሲያርዱ ከሚጣለው ሳንባና ጨጓራ ጥቂት ብንጠይቅ አይከለክሉንም። ድመት የማን እርድ ነው ብላ አትጠይቅም።

የሚገድሏት ነገሮች

ሽንኩርት የመጀመሪያው ነው። ቀይ ሽንኩርትም ሆነ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬውም ሆነ የበሰለው፣ የድመትን ደም ያፈርሳል። ድድዋ ይነጣል፤ ትደክማለች። የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ለውሪት ስንሰጣት የነበረው ሽሮ ምን ያህል ሽንኩርት እንደነበረበት አሁን ስናስበው ይቆጨናል። በፋሲካ የዶሮ ወጥ መረቅ የምንሰጣትም በደግነት ነው፤ እርሱ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። እንግዲህ የግልገሏ ድርሻ ቁሌት ሳይነካው፣ ጨውና በርበሬ ሳይገባበት አስቀድሞ ይነሣ።

ቡሆ ከተደፋ ልሳ እንዳትጠግብ ጠብቋት። ሆዷ ውስጥ መቡካቱን ይቀጥላል። የጠላ አተላም ለላም እንጂ ለድመት አይሆንም።

የሰው ክኒን አትስጧት። ፓራሲታሞል የሚባለው የራስ ምታት ክኒን አንዱ ብቻ ትልቅ ድመት ይገድላል። ግልገሏ ጀርባዋ ከስቶ ሆዷ ብቻ ከተነፋ ብዙ ጊዜ ወስፋት ነው። ወስፋቱ በእናቷ ወተት ጭምር ይተላለፋል። የበላችውን ምግብ ሁሉ ይሻማታልና ስለ ወስፋት መድኃኒቱ የእንስሳት ጤና ባለሙያውን መጠየቅ ነው።

የአይጥ መርዝ ደግሞ አለ። ዚንክ ፎስፋይድ የሚባለው ግራጫ ዱቄት የገደለውን አይጥ ድመት ከበላች እርሷም ልትሞት ትችላለች። እኛ መርዝ ባናስቀምጥ እንኳ ጎረቤት ካስቀመጠ ያው ነው። በእኛ መንደር ስድስት ቤቶች ተሰብስበን ተነጋገርን። መርዝ የሚያስቀምጥ ሰው አስቀድሞ ለሌሎቹ ይናገራል፤ ድመቶች በዚያ ሰሞን ይታሰራሉ፤ የሞተ አይጥ ሁሉ ተለቅሞ ይቀበራል። ስምምነቱ ሁልጊዜ ይከበራል ማለት አይደለም፤ አንድ ጊዜ ሳይነገረን ቀርቶ ተጣልተናል። ቢሆንም ከዚያ ወዲህ የሞተች ድመት የለችም።

የጥሬ ሥጋ ነገርም ይታሰብበት። ጥሬ ሥጋና አይጥ የምትበላ ድመት ቶክሶፕላዝማ የሚባል ተውሳክ ልትይዝ ትችላለች። ከዓይነ ምድሯ ጋር ይወጣል። ለነፍሰ ጡር ሴት፣ ይልቁንም በሆዷ ላለው ሕፃን አደገኛ ነው። ስለዚህ የቤት ሥጋ ይቀቀልላት። የድመት ዓይነ ምድር የሚጠርገው ነፍሰ ጡር ያልሆነ ሰው ይሁን፤ ከጠረገም በኋላ እጁን በሳሙና ይታጠብ። ከጓሮ የተለቀመ ጎመንም በደንብ ይታጠብ።

የጠገበች ድመት አይጥ ትይዛለችን?

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ድመት የምታድነው ስለራባት ብቻ አይደለም። የሚንቀሳቀስ ትንሽ ነገር ስታይ መዝለል የተፈጥሮ ዓመሏ ነው። በልታ እንኳ ጭራሮ ቢጎተትላት ትዘልበታለች። የተራበች ድመት ግን አንድ ነገር ታደርጋለች፤ ቤቱን ትታ ትሄዳለች። ከጎረቤት ማጀት ትሰርቃለች፣ ጫጩት ትይዛለች፣ ዱር ትገባለች። ጎታው ያለ ጠባቂ ይቀራል።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። ቻርልስ ኤልተን የተባለ እንግሊዛዊ የእንስሳት ተመራማሪ በ1953 እ.ኤ.አ. በአገሩ የእርሻ ቤቶች ስላሉ ድመቶች ያጠናውን አሳተመ። በየቀኑ በቤቱ ወተት የሚቀመጥላቸው ድመቶች ከቤቱ ዙሪያ አይርቁም ነበር፤ እዚያም ትልልቅ አይጥ እንዳይገባ ያደርጉ ነበር። ግን አንድ ነገር ጨምሯል። አይጥ አስቀድሞ የወረረውን ቤት ድመቶች ብቻቸውን አያጸዱትም። መጀመሪያ ሰው በሌላ መንገድ አይጡን ማጥፋት አለበት፤ ከዚያ በኋላ ድመቶቹ እንዳይመለስ ይጠብቃሉ። እኛም ያየነው ይኸንኑ ነው። ጎታውን በድንጋይ ላይ ከፍ አድርገን፣ ቀዳዳውን በጭቃና በጠጠር ደፍነን፣ በወጥመድ አሥራ ሰባት አይጥ ከያዝን በኋላ ነው የድመቷ ሥራ የታየው።

ሁለተኛዋ ግልገል የካቲት ገብታ ሰኔ ላይ የመጀመሪያ አይጧን ያዘች። አይጧ ትንሽ ነበረች፤ እርሷም አልበላቻትም። አምጥታ የእማወራዋ እግር ሥር ጣለቻት። ከዚያ ወደ ገሏ ሄዳ የተለመደ ድርሻዋን ጠበቀች። በዚያ ዓመት ክረምት ጎታውን ስንከፍት ዱቄት የሆነ ጤፍ ከግርጌው አላገኘንም።

ጥያቄዎች

1. በአንድ ቤት 6 ትልልቅ አይጦች ቢኖሩና እያንዳንዱ በቀን 25 ግራም ቢበላ፣ በአንድ ወር (30 ቀን) ስንት ኪሎ እህል ይጠፋል?

2. ለግልገሏ የተቀቀለ ሥጋ መረቅ የማይደፋው ለምንድን ነው?

3. በእናንተ ቤት በጾም ጊዜ ለግልገል ድመት ምን ሊሰጥ ይችላል? ከየት ይገኛል?

4. በመንደራችሁ የአይጥ መርዝ የሚያስቀምጥ ሰው አለን? ስለ ድመቶቹ እንዴት ልትስማሙ ትችላላችሁ? ተወያዩበት።